የወንዙ መንገድ ስልከኞች

አክስቴ ስልከኛ ነበረች። ዛሬ ስልክ በየኪሱ ስለ ገባ ቃሉን ለወጣቶች ማስረዳት ያስፈልጋል። በዚያን ዘመን ከሌላ ከተማ ሰው ጋር ለመነጋገር የፈለገ ሁሉ ወደ ስልክ ቤት ይደውላል፤ ስልከኛዋም ከፊቷ ከቆመው የእንጨት ማዞሪያ ላይ ገመድ ስባ፣ ጫፉን በዚያ ከተማ ቀዳዳ ሰክታ ሁለቱን ታገናኛቸዋለች። ከየቀዳዳው በላይ የአተር ፍሬ የምታክል አምፖል አለች። አምፖሏ ስትበራ ከዚያ ከተማ ሰው እየጠራ ነው ማለት ነው። አክስቴ እነዚያን አምፖሎች አሥራ አንድ ዓመት ስታይ ኖራ፣ ቤቷ ራት ቀርቦ እንኳ ጣቶቿ ጠረጴዛው ላይ የሌለ ገመድ ይስቡ ነበር።

የሰፈሩ ሰው «ጆሮዋ» ይላት ነበር። እርሷ ግን የሰው ወሬ ሰምታ አታውቅም። ሰዎቹን ካገናኘች በኋላ የማዳመጫውን ቁልፍ ዘግታ እጇን ጭኗ ላይ ታሳርፋለች፤ የስልከኞች ሕግ ይህ ነው። የአገሩ ወሬ ሁሉ በጣቶቿ መካከል እያለፈ፣ የገዛ ቤቷን ነገር ከሁሉ በኋላ የምትሰማው እርሷ ስለ ነበረች ባሏ «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» እያለ ይስቅባት ነበር። ባሏ፣ እኔ አጎቴ የምለው፣ ሰዓት ሠሪ ነው። እኔ በዚያ ዓመት የመምህርነት ትምህርት ስማር ያረፍሁት ከእነርሱ ዘንድ ነበር። ከምጽፈው እኩሌታውን በዓይኔ አይቻለሁ፤ እኩሌታውን ደግሞ ጡረታ ከወጣች በኋላ ራሷ ነግራኛለች።

ስልከኞች በስም አይጠራሩም፤ ያላቸው ቁጥር ነው። አክስቴ ሰባት ነበረች። ከተራራው ማዶ ያለችው ከተማ ስልከኛ አሥራ ዘጠኝ ይባላል።

«አሥራ ዘጠኝ፣ እንዴት አደሩ?»

«ደኅና፣ ሰባት። ይህ ጉንፋን ብቻ።»

ጉንፋኑ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አልለቀቀውም። ሰውየውን አይታው ስለማታውቅ፣ ሽማግሌ ይሁን ጎረምሳ ስለማትለይ፣ አንቱታዋን አንድ ቀን ሳትጥል ኖረች። ነገር ግን አንዲት ልጇ በእርሱ ከተማ አስተማሪ ስለ ሆነች፣ በወር አንድ እሑድ፣ መስመሩ ሥራ ሲፈታ፣ አሥራ ዘጠኝ ልጅቷን አስጠርቶ ከእናቷ ጋር ያገናኛት ነበር። ስለዚህ ውለታው ተቆጥሮ የማያልቅ ነበር።

ያ ዓመት ክፉ ዓመት ሆነ። ጦርነቱ መጀመሪያ ወሬ ነበረ፤ ቀጥሎ የዘመቱ ሰዎች ዝርዝር ሆነ፤ ከዚያ ተራራውን ከበበው። የልጇ ባል ዘመተ። ልጅቷ ስምንተኛ ወሯን ይዛ ብቻዋን ቀረች። የጌታን ልደት የምንጠብቅባቸው አራት ሳምንታት በገቡ በመጀመሪያው ሰኞ ጠዋት፣ አክስቴ እንደ ልማዷ መስመሮቹን ስትፈትሽ የአሥራ ዘጠኝ መስመር ሞቶ አገኘችው።

ሕያው መስመር ሰው ባያነሣው እንኳ ይተነፍሳል፤ ዱቄት በወንፊት ሲነፋ እንደሚሰማው ሹ ይላል። የሞተ መስመር ግን ጆሮ ውስጥ ጥጥ እንደ መወተፍ ነው። አክስቴ ያንን ጥጥ በቀን አሥር ጊዜ ትሰማው ጀመር። ሳምንት ሳይሞላ ወደዚያች ከተማ መደወል ፈልገው ተራ የያዙ ሰዎች አርባ አንድ ደረሱ። ስማቸው በወረቀት ተጽፎ ማዞሪያው ጎን ተሰቀለ። የእርሷ ስም እዚያ ውስጥ አልነበረም። የስልክ ቤት ሠራተኛ ተራ መያዝ አይችልም፤ ደንበኞች ሁሉ ካለቁ በኋላ ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲያ ሴትዮዋ መቀመጥ ተሳናት። ቤት ስትገባ መጋረጃ ትከፍታለች፣ መልሳ ትዘጋለች። ያጠበችውን ሳህን ታጥባለች። ልብስ ለማጠፍ ትጀምርና ከግማሽ ላይ ትታ ወደ በሩ ትሄዳለች።

አንድ ምሽት አጎቴ በዓይኑ ላይ ያሰረውን የሰዓት መመልከቻ ሳያወልቅ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ሦስት ጊዜ ወጣሽ፣ አራት ጊዜ ገባሽ። አንዷ ከየት መጣች?» አላት።

«አንተ ሰዓትህን ቁጠር፤ እኔን አትቁጠር።»

«እርሱማ ችግሩ። እዚህ ቤት ሃያ ሰዓት ተሰቅሏል፤ አንዱም ለአንቺ አይሮጥልሽም።»

ሳቀች። ከሳቋ በኋላ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አጎቴም መመልከቻውን አውልቆ ብዙ ጊዜ ሲጠርገው አየሁ። የተጠረገ መስታወት ነበር የሚጠርገው።

በሁለተኛው እሑድ ቤተ ክርስቲያን አብሬያት ሄድሁ። ቄሱ ሽማግሌ ናቸው፤ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው። የዚያን ቀን ስብከታቸው ስለ መጠበቅ ነበር። ነቢያት እንዴት እንደ ጠበቁ፣ ሕዝቡ በጨለማ ሆኖ እንዴት እንደ ጠበቀ ሲናገሩ፣ አክስቴ ከአጠገቤ ተነሥታ ወጣች። ተከትያት ስወጣ ግቢው ውስጥ ከግንቡ እስከ በሩ ትመላለሳለች። ጸሎቱ ሲያበቃ ቄሱ በዝግታ ወደ እኛ መጡ።

«ልጄ፣ ስብከቱ መረረሽ?»

«አባ፣ ስብከቱስ ደኅና ነው። ወንበሩ ነው ያቃጠለኝ።»

«ወንበሩማ እንጨት ነው።»

«እንግዲህ እንጨትም ይቃጠላል።» ከዚያ መታገሥ አቃታት። «አባ፣ ጠብቁ፣ ጠብቁ ይሉናል። እኔ አሥራ አንድ ዓመት ሰውን ‹ይጠብቁ› እያልሁ ደመወዝ የበላሁ ሴት ነኝ። ይጠብቁ ማለትን ከእርስዎ በላይ አውቀዋለሁ። እኔ ግን ይጠብቁ የምለው መስመሩ መኖሩን ሰምቼ ነው። መስመር ሲጠፋ ‹መስመር የለም› እላለሁ እንጂ ሰው አላታልልም። እርስዎ መኖሩን በምን አወቁ?»

እኔ በእፍረት መሬት መሬት አየሁ። ቄሱ ግን አልተቆጡም። ጢማቸውን ሲያሹ ቆዩና፣ «ሁልጊዜ አልሰማም፤ ይህን ለምእመን መናገር ይከብደኛል፣ ላንቺ ግን ልንገርሽ» አሉ። «አንድ ነገር ብቻ ይዤ እቆማለሁ። ጌታ ሲመጣ ጨለማው እስኪያልፍ አልጠበቀም። ንጉሡ ክፉ ሳለ፣ ማደሪያው ሞልቶ ሳለ፣ እናቱ ቀኗ ደርሶ በመንገድ ላይ ሳለች ነው የመጣው። እኔ የምጠብቀው ይህንኑ ነው። ጨለማው ይለፍልኝ ብዬ አይደለም።»

«እኔ ግን ይለፍልኝ» አለች አክስቴ።

«ይለፍልሽ፣ ልጄ። አሜን።»

ወደ ቤት ተመለስን። ከቄሱ ጋር ተስማምታም አልነበረም፤ ተኳርፋም አልነበረም። ጣቶቿ ብቻ በነጠላዋ ጫፍ ላይ ይሠሩ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ የአሥራ ዘጠኝ አምፖል በራች።

አሥራ አምስት ቀን ሙሉ ያንን ብርሃን ስትለምን የኖረች ሴት ገመዱን ሰክታ «ሰባት ነኝ» አለች።

«አሥራ ዘጠኝ። መስመሩን ቀጥለነዋል፤ እስከ መቼ እንደሚቆይ አላውቅም። ፈጠን ይበሉ» አላት፣ በዚያው ጉንፋን በያዘው ድምፅ።

እንግዲህ እዚህ ላይ የሆነውን ስልከኛ ያልሆነ ሰው አያምነውም። ዓይኗ ወደ ወረቀቱ ሄደ። የመጀመሪያው ስም የመድኃኒት ሻጩ ነበር፤ የፈለገው የወንድሙን ቁጥር፣ ሁለት መቶ አራትን ነው። አፏ «ሁለት መቶ አራትን ስጡኝ» አለ። ቀኝ እጇ መድኃኒት ሻጩን ጠራ፣ ግራ እጇ ሁለተኛውን ገመድ ሰካ፣ «ተገናኝተዋል» አለች፣ ቁልፉን ዘጋች፣ እጇን ጭኗ ላይ አሳረፈች። አራት ደቂቃ እንዲያ ተቀመጠች። አምፖሏ ጠፋች። ገመዱን ስትነቅል መስመሩ ጥጥ ሆኗል።

ልጇ ትዝ ያለቻት ያን ጊዜ ነው።

ከሥራ ስትመለስ እጇን ከሰውነቷ አርቃ፣ የሌላ ሰው ዕቃ እንደ ያዘች ሰው ሆና ገባች። ለአጎቴ ነገረችው። «ስለ ልጄ አንድ ቃል ብለው ምን ነበረበት? ‹አለች?› ብል? ሦስት ፊደል እኮ ናት! እጄን ቁረጥልኝ።»

አጎቴ እጇን ተቀብሎ ያዘው። «ለሥራ የተገራ እጅ ነው፤ ምን ታደርጊዋለሽ። እኔም አባቴ በሞተ ቀን፣ አስከሬኑ አጠገብ ቁጭ ብዬ የቆመ የኪስ ሰዓቱን ሞልቼዋለሁ።»

«የአንተ ሰዓት ማንንም አልገደለ።»

«የአንቺስ እጅ ማንን ገደለ? የሰው ወንድም ነው ያገናኘው።»

በማግሥቱ መድኃኒት ሻጩ ወደ ስልክ ቤት መጣ። ከሲታ፣ ዓይነ አፋር ሰው ነው፤ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ በመስኮቱ አጎነበሰ።

«እትዬ፣ ላመሰግንዎ ነው። ወንድሜ ደኅና ነው። እንቅልፍ ተኛሁ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ።»

«እንኳን ደስ አለህ» አለች። ዓይኗን ከማዞሪያው አላነሣችም።

ሊሄድ ዞር ካለ በኋላ ተመለሰ። «የእርስዎም ልጅ እዚያ ናት ይባላል። አስተማሪ አይደለችም እንዴ? ወንድሜ ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል አለኝ። አስተማሪዎቹ ባለፈው ሐሙስ በወንዙ መንገድ በእግራቸው ወጥተዋል። አንዲት ነፍሰ ጡር አብራቸው ስላለች ቀስ እያሉ ነው የሚሄዱት አለ። ትልቅ ግራጫ ካፖርት የለበሰች።»

ካፖርቱ የአጎቴ ነው። ባለፈው ክረምት ብርድ ይጠብቅሽ ብሎ የላከላት፣ ትልልቅ ቁልፍ ያለው አሮጌ ካፖርት። አክስቴ ከወንበሯ ተነሥታ በመስኮቱ በኩል እጇን ሰድዳ የመድኃኒት ሻጩን ትከሻ ያዘችው። ሰውየው ደነገጠ። በዚያች ሰዓት ያ የረገመችው እጇ የሠራው ሥራ ተገልጦላት እንደ ሆነ ጠይቄያት ነበር፤ «ኧረ እኔ ምንም አልተገለጠልኝ፤ የማስበው ስለ እግሯ ነበር» አለችኝ።

የወንዙ መንገድ ከተራራው ጀርባ ተነሥቶ ወደ እኛ ከተማ ይመጣል። በመንገዱ ላይ ሦስት ትንንሽ ስልክ ቤቶች አሉ፤ ድልድዩ ዘንድ ሃያ ሦስት፣ ወፍጮው ዘንድ ሠላሳ አንድ፣ ከአቀበቱ ሥር አርባ አራት። መስመራቸው ከእኛ ወገን ስለሆነ አልተቆረጠም። አክስቴ ስለ ግል ጉዳይ መደወል ክልክል መሆኑን እያወቀች ገመዱን ሳበች።

ሃያ ሦስት ሳቂታ ልጅ ናት፤ ስትናገር ትንፋሽ አትወስድም። «ግራጫ ካፖርት? እንዴ፣ አየኋት እንጂ! ዓርብ ዕለት ነው፣ ብዙ ነበሩ፣ መጽሐፍ በጆንያ የጫኑ፣ እኔ በዚህ ጊዜ መጽሐፍ ምን ይሠራል ብዬ ሳቅሁባቸው፣ እርሷ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ውኃ ሰጠኋት፣ እግሯ አብጧል፣ ግን ትቀልድ ነበር፣ ጫማዬ ከእኔ ቀድሞ ወለደ አለች፣ ጎኑ ተቀዶ ጣቷ ወጥቶ ነበር እኮ።»

አክስቴ ግንባሯን በማዞሪያው እንጨት ላይ አስደግፋ ሰማቻት። የልጇ ቀልድ ነው።

ሠላሳ አንድ ጎርናና ሰው ነው። «ማክሰኞ አለፉ። ሦስት ሴቶች ብቻ ናቸው፤ ሌሎቹ ቀድመዋል። ካፖርቷ ነበረች።»

አርባ አራት ደግሞ ጆሮው የከበደ ሽማግሌ ነው። ስልከኛ ሆኖ ጆሮ የከበደው ሰው ከእርሱ በቀር አላውቅም። «ምን? ካፖርት?» ብሎ ይጮኻል። «እዚህ ካፖርት አይሸጥም!» ሦስት ጊዜ ከተጮኸበት በኋላ ገባው። አላያትም።

ይህን ሁሉ ስታደርግ የስልክ ቤቱ አለቃ ከኋላዋ ቆሞ ነበር። ወጣት ነው፤ የቁልፍ ዘለላ በጣቱ እያሽከረከረ ይዞራል። ቁልፎቹ ዝም ሲሉ ነው ዞር ያለችው።

«እትዬ፣ የግል ጥሪ ነው?»

«የግል ጥሪ ነው። ልጄ መንገድ ላይ ናት።»

ቁልፎቹ አንድ ጊዜ ተሽከረከሩ። «የመስመር ፈተና በቀን ስንት ጊዜ ነው የምናደርገው?»

«ጠዋት አንድ ጊዜ።»

«በዚህ ዝናብማ አይበቃም። ሦስት ጊዜ ይፈትኑ። መስመሩ መናገር መቻሉንም በደንብ ያረጋግጡ፤ ረዘም ያለ ነገር ይጠይቁት።» ይህን ብሎ ቁልፉን እያንቀጫቀጨ ወጣ።

ከሐሙስ ጀምሮ የምትጠይቀው ስለ ልጇ ብቻ አልነበረም። አርባው ባለ ተራ ሁሉ ከዚያች ከተማ ዘመድ አለው፤ ዘመዱም ምናልባት መንገድ ላይ ነው። ወረቀቱን ይዛ ስማቸውንና መልካቸውን ለሦስቱ ስልከኞች አነበበች፤ ነጭ ጢም፣ አንካሳ፣ መንታ ሕፃናት የያዘች። መድኃኒት ሻጩ በመስኮቱ በኩል ሆኖ መልሱን ይጽፋል። የአሥራ ሁለት ሰዎች ወሬ ተገኘ። አንዲት ልብስ ሰፊ አባቷ ከድልድዩ ወዲያ ደክመው እንደ ሞቱ፣ የመንደሩ ሰው እንደ ቀበራቸው ተነገረ። አክስቴ ይህን በስልክ አልነገረቻትም፤ ራሷ ቤቷ ሄዳ፣ እስኪመሽ አብራት ተቀመጠች። ያን ቀን ብቻ ነው እግሯ ሲያርፍ ያየሁት።

የእርሷ ልጅ ግን ከወፍጮው ወዲህ ጠፋች። ከወፍጮው እስከ አቀበቱ ሥር ለጤነኛ ሰው የአንድ ቀን መንገድ ናት፤ ዓርብ አለፈ፣ ቅዳሜ አለፈ። «አላየሁም!» ይላል አርባ አራት፣ ገና ሳትጠይቀው። ዝናቡ በመካከል ያለውን የወንዝ መሻገሪያ አጥለቅልቆታል አለ። የወረደ ነገር ሁሉ ወደ ታች ይሄዳል አለ፤ ወዲያውም ምን እንደ ተናገረ ገብቶት፣ «እንጨት ማለቴ ነው፣ ሰባት፣ እንጨት!» ብሎ ጮኸ።

በአራተኛው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን አልወጣችም። የተረጋጋችም ግን አይምሰላችሁ። ወንበሩን በጣቶቿ ትደበድበዋለች፣ እግሯ ይርገበገባል፣ ፊት ያሉት ሴቶች ዞረው ያዩአታል። ስትጸልይም በለሆሳስ አልነበረም፤ እኔ እያንዳንዱን ቃል ሰማሁት። «ጌታ ሆይ፣ እናትህ ቀኗ ደርሶ መንገድ ላይ ነበረች። ደጁን ሲዘጉባት አንተ በሆዷ ነበርህ። መንገድ ምን እንደሆነ ከእኔ አትማርም። መሻገሪያው ዘንድ ሂድ። እኔ መድረስ አልቻልሁም፤ አንተ ሂድ። አሁን ሂድ።» ቄሱ ከመቅደሱ ሆነው የደረሱበትን ጸሎት እንደገና ጀመሩት። ሰምተዋት እንደሆነ አላውቅም።

ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ምን ተሰማሽ አልኋት። «ጆሮዬ ውስጥ ጥጥ የለም» አለች። «መልስም የለም። ግን ይተነፍሳል።»

ልደት ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ የአርባ አራት አምፖል በራች። ሽማግሌው ከዚያ በፊት ከራሱ ደውሎ አያውቅም፤ ሁሌ የምትደውለው እርሷ ነበረች። እኔ በዕረፍቴ ቀን ቁርሷን ይዤላት መስኮቱ ዘንድ ቆሜያለሁ።

«ሰባት! ካፖርቱ መጣ!»

«ውስጡ ሰው አለ?»

«ምን?»

«ካፖርቱ ውስጥ ሰው አለ ወይ!» ስትጮኽ ከበሩ ውጭ ያለ ሰው ሁሉ ዞረ።

«ሁለት አሉ! ከመሻገሪያው ማዶ አንድ የከብት በረት ውስጥ ውኃው እስኪጎድል ቆይተዋል። ዛሬ ጎሕ ሲቀድ ወለደች። ውኃው ሲጎድል ሰዎች በቃሬዛ አሻገሯቸው።»

«እርሷስ?»

«ትናገራለች። ደም ፈሷታል፣ ግን ትናገራለች። እዚህ እኔ ወንበር ላይ ናት፣ መቆም ስላልቻለች ስልኩ ዘንድ አልደረሰችም። እናቴን ጥሩልኝ ትላለች።»

«ልጁስ?»

ሽማግሌው አልሰማኝም ብላ ደግማ ልትጮኽ ስትል መለሰላት፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንደ ጤነኛ ጆሮ ሰው። «ትንሽ ነው፣ ሰባት። በጣም ትንሽ ነው። ይተነፍሳል። ገና አላለቀሰም። ሚስቴ በሙቅ ጨርቅ እያሸችው ነው።»

አክስቴ ማዳመጫውን ከራሷ አወለቀች። በአሥራ አንድ ዓመት ሥራዋ ተረኛ ሳይመጣ ከዚያ ወንበር ተነሥታ አታውቅም። ማዳመጫውን ለአለቃው ዘረጋችለት፤ እርሱም ቁልፉን ጥሎ እንደ ጋለ ብረት ተቀበላት።

«እትዬ፣ እኔ እኮ መሰካት አላውቅም!»

«አምፖል ሲበራ ስካ። ሃያ ስምንት ሰው ይቀራል። አንዱንም እንዳትዘል።»

መድኃኒት ሻጩ ቀድሞ ሮጦ ወደ አቀበቱ የሚሄድ ዱቄት የጫነ መኪና አስቁሟል። ቄሱ ወሬውን ከማን እንደ ሰሙ አላውቅም፣ ብርድ ልብስ በክንዳቸው ይዘው ደረሱና አስረከቧት። እርሷም ተቀብላ ጉልበታቸውን ነካች። አጎቴን ከሱቁ እኔ ጠራሁት፤ የፈታውን ሰዓት ብሎኑን ሳይሰበስብ ትቶ መጣ።

ሁለቱም የዱቄቱ ጆንያዎች ላይ ወጡ። መኪናው ሊነሣ ሲል እርሷ አልተቀመጠችም፤ የመኪናውን ክፈፍ ይዛ ፊቷን ወደ መንገዱ አድርጋ ቆመች። ዱቄቱ ይቦንና ፀጉሯ ላይ ያርፋል።

«ቁጭ በይ እንጂ፣ ትወድቂያለሽ» አላት አጎቴ።

«ቆሜ ይሻለኛል።»

«ልጁ አለቀሰ?»

«አላውቅም።»

«ባያለቅስስ?» አጎቴ ይህን ሲጠይቅ ድምፁ ከእርሱ የወጣ አይመስልም ነበር።

አክስቴ ወደ እርሱ ዞረች። ዓይኗ አብጧል፤ ቢሆንም ከአራት ሳምንት በኋላ ዛሬ ገና አንድ ቦታ ላይ አርፏል። «በረት ውስጥ፣ ያለ አዋላጅ፣ በጦርነት መካከል መጥቷል» አለች። «የመጣውን ማየት አለብኝ። ቢኖርም አያቱ ነኝ፤ ባይኖርም አያቱ ነኝ። ያን ሾፌር ንዳ በለው።»

አጎቴ የመኪናውን ጣራ በእጁ ሁለት ጊዜ መታ። መኪናው መታጠፊያውን ዞሮ ከዓይኔ ተሰወረ።